ለውድ ደንበኞቻችን፦ ስለ ቀብድና ስለ ማስረከቢያ ቀን የተሰጠ ማብራሪያ

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

ማተሚያ ቤታችን ከመጪው መስከረም 1 ቀን ጀምሮ የማስረከቢያ ቀንን በውል ላይ የሚያሰፍር ሲሆን፣ በእኛ ጥፋት ለዘገየ ሥራም ለእያንዳንዱ ቀን ከዋጋው ላይ ተቀናሽ ያደርጋል። ወደዚህ ውሳኔ ያደረሰንን ምክንያት ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ባለፈው ጥር የሰርግ መጥሪያ ካርድ ካዘዙን ደንበኞች መካከል አንዳንዶቹ ከቀጠሮው ቀን ዘግይተው መረከባቸውን አንክድም። በወቅቱ የጎዳን የመለስነው ገንዘብ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ወሬው በየዕድሩና በየማኅበሩ ሲዳረስ፣ ቀድሞ ግማሹን ያለ ጥያቄ ያስይዙ የነበሩ ሰዎች ሥራውን ሳናይ ቀብድ አንከፍልም አሉ፤ መርካቶ ያሉት ወረቀት አቅራቢያችንም ሰምተው ኖሮ ዱቤውን አቆሙ። ቀብድም ዱቤም ሲቀር ወረቀት በጊዜው አልገባም፣ ማሽኑ ቆመ፣ በመዘግየት የተነሣው ስማችን ደግሞ ይበልጥ አዘገየን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኛው ግን መጀመሪያ የተፈለገው ወረቀት መጋዘን በር ላይ ነው። ፕሮፎርማ አምጡ ብለው የሚጠሩን ድርጅቶችም ቀነሱ፤ ካልተጠሩ ደግሞ ዋጋ ዝቅ ማድረግ ምንም አይፈይድም።

የመድኃኒት ካርቶን ስለምናትም አንድ የታወቀ ታሪክ ሳናነሣ አናልፍም። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1982 በቺካጎና አካባቢዋ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የተጨመረበት ታይለኖል የሚባል የሕመም ማስታገሻ እንክብል የወሰዱ 7 ሰዎች ሞቱ። መርዙን የጨመረው ሌላ ሰው እንጂ ፋብሪካው ባይሆንም፣ የመድኃኒቱ አምራች ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን 31 ሚሊዮን ያህል ብልቃጦችን ከገበያ ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት ከተከፈተ በሚያስታውቅ ማሸጊያ ተመልሶ ወጣ፣ ወድቆ የነበረው ሽያጩም አገገመ። እኛ ይህን ስናነብ ያስቀናን ሀብቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው፤ ማተሚያ ቤታችን ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ ወራት ፈጅቶበታል።

ስለዚህ ቀብድ የምንቀበለው የመጨረሻውን ናሙና አይታችሁ ከፈረማችሁ በኋላ ብቻ ይሆናል፤ የማስረከቢያው ቀንም ከዚያ ፊርማ ጀምሮ ይቆጠራል። ከፊርማ በኋላ የሙሽሮች ስምም ሆነ የአዳራሹ አድራሻ ከተቀየረ ግን አዲስ ናሙና ስለሚያስፈልግ፣ ቀኑ እንደገና የሚቆጠር መሆኑን በትሕትና እናሳውቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ