የአርበኞቻችን ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ከነታሪካቸው ይመዝገቡ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በአንኮበርና በጣርማበር ገጠሮች በአርበኛ ቤተሰቦች እጅ የቆዩት የጣሊያን ወረራ ዘመን ሽጉጦች፣ በተለይም ስድስት ጥይት የሚጎርሱት ስድስት ጎራሾቹ፣ የማን እንደነበሩና እንዴት እንደተገኙ ሳይጻፍ እየጠፉ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርና የአርበኛ ልጅ ነኝ። ለአባቴ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ እነዚህን መሣሪያዎች በመፈለግና ታሪካቸውን በመጻፍ ዓመታት ስላሳለፍሁ፣ ያየሁትን ለአንባቢያንና ለሚመለከታቸው ሁሉ ማድረስ ግዴታዬ ሆኖ ተሰምቶኛል።

አባቴ ጠላት አገራችንን በ1928 ዓ.ም. ሲይዝ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ወጣት ነበሩ። በራስ አበበ አረጋይ ሥር ከተሰለፉት የመንዝ አርበኞች ጋር ዱር ገብተው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ እስኪገቡ ድረስ አልተመለሱም። ሽጉጣቸውን ያገኙት ከደብረ ሲና በላይ በተደረገ ውጊያ ከወደቀ የጣሊያን መኮንን ላይ ነው። ለዚያ ሽጉጥ የሚሆን ጥይት ከጠላት እጅ ካልሆነ በቀር አይገኝም ነበርና፣ የውስጥ አርበኛ የነበሩት እናቴ ከከተማ የተገኘውን ጥቂት ጥይት በበሶ ስልቻ ውስጥ ሸሽገው፣ የጠላትን ኬላ አልፈው ያደርሱላቸው እንደነበር ከሁለቱም አንደበት ሰምቼ አድጌአለሁ።

ያን ሽጉጥ አባቴ በ1963 ዓ.ም. ሸጡት። የሸጡትም እኔ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ፣ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም በሚጠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንድማር ነው። ለማን እንደሸጡት አልነገሩኝም፤ እኔም በልጅነቴ አልጠየቅሁም። እሳቸው ካረፉ በኋላ ግን የተማርሁት በዚያ ብረት ዋጋ መሆኑ ከልቤ ሊወጣ ስላልቻለ፣ በየመንደሩ እየዞርሁ የአርበኛ ልጆችን መጠየቅ ጀመርሁ። እስካሁን አሥራ አንድ አሮጌ ስድስት ጎራሾችን አይቻለሁ። ከእነዚህ ሦስቱን ባለቤቶቻቸው በአደራ ስለሰጡኝ፣ በሕግ አስመዝግቤ፣ እንዳይተኩሱ መምቻ መርፌያቸውን አስወጥቼ አስቀምጫቸዋለሁ።

ከአሥራ አንዱ አብዛኞቹ ቦዴዮ የሚባሉት፣ የጣሊያን ጦር የታጠቃቸው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1889 ሞዴል የሆኑ፣ የጥይታቸው ስፋት 10.35 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽጉጦች ናቸው። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው ለተራ ወታደር የተሠራው ሲሆን አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን፣ ምላጩ ወደ ላይ የሚታጠፍና መከለያ የሌለው ነው። ሁለተኛው ለመኮንን የተሠራው ሲሆን አፈሙዙ ክብ፣ ምላጩም መከለያ ያለው ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ አባታችን ከመኮንን ላይ የማረኩት ነው ሲል፣ ብረቱ ራሱ ቃሉን ሊያጸናለት ወይም ሌላ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላልና፣ ለታሪክ የሚሰጠው ምስክርነት ቀላል አይደለም።

በአንድ ቤት ያጋጠመኝን ላንሣ። ልጆቹ አያታቸው በ1929 ዓ.ም. ከጣሊያን ማርከውታል ብለው ያሳዩኝ ሽጉጥ፣ ከመካከሉ ታጥፎ ሲከፈት ስድስቱንም ቀለህ በአንድ ጊዜ የሚያነሣ፣ ኤንፊልድ የሚባል የእንግሊዝ ሥራ ሆኖ አገኘሁት። በቀኝ ጎኑም 1940 የሚል የአውሮፓ ዓመት ተመትቶበታል፤ በእኛ አቆጣጠር 1932 ወይም 1933 ማለት ነው። ስለዚህ በ1929 ዓ.ም. ሊማረክ አይችልም፤ ወደ አገራችን የገባው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወይም ከዚያ በኋላ መሆን አለበት። ይህን ስነግራቸው ቅር ተሰኙ። እኔ ግን አያታቸው በነጻነቱ ዓመት ከማን ጋር እንደተሰለፉ ለመጠየቅ በር የሚከፍት በመሆኑ፣ የሽጉጡ ክብር ቅንጣት ታህል የሚቀንስ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ይጨምራል።

ይህን ሁሉ የሚያጠፋው ነገር ብዙ ነው። ዝገት ይልቀቅልን ብለው ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ አሉ፤ በዚህም የፋብሪካው ምልክት፣ ዓመቱና ቁጥሩ አብሮ ይፋቃል። ደረቅ ጨርቅና ጥቂት ዘይት በቂ ነው። አንዳንዱ ለቁራሌው በኪሎ ሸጦታል። ሌላው ሕግን ፈርቶ ቀብሮታል። የከፋው ግን ብረቱ ተርፎ ነገሩን የሚያውቁት ሽማግሌ ሲያልፉ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜን ሸዋ በሚገኘው አመጸኛ ዋሻ አርበኞች ከነቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት ያለቁበት ታሪክ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በአካባቢው ሰው አንደበት ተጠብቆ መቆየቱ፣ የሽማግሌ ቃል በጊዜው መጻፍ እንዳለበት በቂ ማስረጃ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ስለ ጦር መሣሪያ መናገር እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አስፈላጊ መሆኑንም አልጠራጠርም። ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይያዝ አላልሁም። በሌላ በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ተመዝግቦ እንዲጠበቅ ያዛል። የአርበኛ ሽጉጥ በሁለቱ አዋጆች መካከል የወደቀ ነገር ሆኖብናል። ስለዚሁ ጉዳይ የጠየቅሁት አንድ መሥሪያ ቤት የፖሊስ ነው አለኝ፤ ወደተባልሁበት ስሄድም የቅርስ ነው ተብዬ ተመለስሁ።

የምለምነው ይህን ነው። የዞኑ የባህልና የፖሊስ ኃላፊዎች በጋራ ቀን ቆርጠው፣ አሮጌ የአርበኛ መሣሪያ ያለው ሰው ሳይፈራ ይዞ የሚመጣበትን ሥርዓት ያዘጋጁ። መሣሪያው እንዳይተኩስ በባለሙያ ይደረግ፤ መልኩና ምልክቱ ግን አይነካ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን ከሽጉጡ ጋር የቤተሰቡን ቃል በድምፅና በጽሑፍ ይያዙ፤ የጥንታዊ ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር አባላትም ቢገኙ ምስክርነቱ ይጠነክራል። ከዚያ በደብረ ብርሃን አንዲት ክፍል ብትገኝ፣ ልጆቻችን ብረቱን ከባለቤቱ ስም ጋር ያያሉ። እኔም በአደራ የያዝኋቸውን ሦስቱን፣ ባለቤቶቻቸው ፈቅደውልኛልና፣ ስለ እያንዳንዳቸው ከጻፍሁት ታሪክ ጋር በመጀመሪያው ቀን አስረክባለሁ።

የአባቴን ሽጉጥ እስካሁን አላገኘሁትም። የመኮንን ቦዴዮ ነው፤ በግራ እጀታው እንጨት ላይ በጩቤ የተቀረጸች ትንሽ መስቀል አለችበት። በእጁ ያለ ሰው ይህን ቢያነብ፣ አባቴ በፈቃዳቸው የሸጡት ነውና ይመለስልኝ አልልም። ከየት እንደመጣና ማን ይዞት እንደነበር በአንድ ወረቀት ጽፌ ከጎኑ እንዳስቀምጥለት ብቻ ይፍቀድልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአርበኛ ልጅ
ከደብረ ብርሃን