መንገደኛ ሳይጭን የቀረው ባቡርና የእኛዋ ሊቶሪና

ፉሪ፣ አዲስ አበባ

ውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? እማዬ «ደህና ነው፣ መድኃኒቱንም እየወሰደ ነው» ብላኛለች። እኔ ግን ከአንተው አፍ ካልሰማሁ ልቤ አያርፍም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ክረምቱ ገና አልለቀቀንም። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለውን ጭቃ አንተም ታውቀዋለህ። ልጆቹ ትምህርት ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ ደጅ ናቸው።

ብዕር ያነሳሁት በስልክ የማይሆን ወሬ ስላለኝ ነው። በስልክ ስለ ባቡር ስንጀምር ወይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ወይ አንተ «ካርድህ እንዳያልቅ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ተረጋግተህ፣ መነጽርህን አድርገህ አንብበው።

የጎረቤታችን ወንድም እንግሊዝ አገር ነው የሚኖረው። ሰሞኑን ለእረፍት መጥቶ ነበር። ሰውየው ሞዴል ባቡር ይሰበስባል። ከሁሉም አስበልጦ የሚወደውን ለወንድሙ ልጆች ሊያሳይ ይዞ መጥቶ ኖሮ፣ እኛንም ቡና ጠርተውን አየነው። የምግብ ጠረጴዛውን አጸዱና ሃዲዱን ክብ አድርገው ዘረጉት። ብርማ ቀለም ያለው፣ አፍንጫው የሾለ፣ ባለ አራት ፉርጎ ባቡር ነው። ስሙ ኤፒቲ-ኢ ይባላል። ኤፒቲ በእንግሊዝኛ «የላቀ የመንገደኛ ባቡር» የሚለው አጭር መጠሪያ ነው። የመጨረሻዋ «ኢ» የሙከራ ባቡር መሆኑን ለመናገር የገባች ናት።

አባዬ፣ ኩርባው ላይ ሲደርስ ምን እንዳደረገ ልንገርህ። አካሉ ወደ ውስጥ አዘነበለ! ጎማዎቹ ሃዲዱ ላይ እንዳሉ፣ የላይኛው አካል ብቻ ጋደል አለ። ቀጥታው ላይ ሲወጣ ደግሞ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከሃዲዱ እኩል አድርጌ አየሁት። ፉርጎና ፉርጎ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁለቱ አንድ ቦጊ፣ ማለትም ጎማዎቹን የያዘውን አንድ ማቀፊያ፣ ይጋራሉ። ያንን ሳይ መጀመሪያ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። «እዚህ ጋ እንዴት አስተካከሉት?» ብለህ ባቡሩን ገልብጠህ ሆዱን ታየው ነበር።

አንተ ምክንያቱን ሳትሰማ አትቀመጥምና፣ የማዘንበሉን ነገር ላስረዳህ። ባቡር ኩርባ ላይ ሲፈጥን መንገደኛውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሃዲዱ ችሎ እንኳ ሰዉ አይችልም፣ ሻዩ ይደፋል፣ ቆሞ የነበረው ይወድቃል። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1964 ለፈጣኑ ባቡራቸው አዲስ መስመር ዘርግተው ተገላገሉ። ፈረንሳዮችም በ1981 እንደዚያው አደረጉ። የብሪታንያ ምድር ባቡር መሐንዲሶች ግን ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። መስመራችን የድሮ ነው፣ ኩርባውም ብዙ ነው፤ ታዲያ ሃዲዱን ከመቀየር ባቡሩን ለምን አናስተካክለውም አሉ። ባቡሩ ራሱ ኩርባውን እያወቀ፣ በሃይድሮሊክ ጉልበት እስከ 9 ዲግሪ እንዲያዘነብል አደረጉት። ከአዋሽ ወደላይ ያለውን የድሮውን መስመር ለምታውቅ ለአንተ፣ ይሄ ሐሳብ ምን ያህል ደፋር እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

ሞተሩ ደግሞ ናፍጣ አይደለም። ለከባድ መኪና ተብሎ የተሠራ የሌይላንድ ጋዝ ተርባይን ነው የገጠሙለት። ተርባይኑ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪኩ ጎማውን ያዞራል። ፍሬኑም ለብቻው ታሪክ ነው። አክስሉ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ኃይል ፍጥነቱን የሚበላ ፍሬን ነበረው። እንግዳችን ያመጣው ሞዴል ድምፅ ያለው ዓይነት ነው። የተርባይኑ ፉጨት ሲነሳ የልጅ ልጅህ ጆሮውን ያዘ፣ ግን ከጠረጴዛው ፈቀቅ አላለም።

ባቡሩ ደርቢ ከተማ ተሠርቶ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1972 ነው። ወዲያው ደግሞ ቆመ። የነጂው ክፍል ወንበር አንድ ብቻ ነበር። የነጂዎቹ የሠራተኛ ማኅበር «ወንበሩ አንድ ከሆነ ረዳቱ ከሥራ ሊወጣ ነው» ብሎ ሰጋ፣ አባላቱም አንነካውም አሉ። አንድ ዓመት ያህል ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። አንተ በዚያን ጊዜ እዚያ ብትሆን ከማን ጋር እንደምትቆም አውቃለሁ። ረዳት ነጂ ወዳጅህን ጥለህ አትሄድም ነበር። በኋላ ተስማሙና ሙከራው ቀጠለ። ነሐሴ 10 ቀን 1975 በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር ሮጠ። በ1976 ደግሞ ሥራው አበቃና ወደ ዮርክ፣ ወደ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ተነዳ። አሁን ሺልደን በሚባል ከተማ ባለው የሙዚየሙ ቅርንጫፍ ነው ያለው።

ልብ በል አባዬ፣ ይህ ባቡር ትኬት የቆረጠ መንገደኛ አንድም ቀን አልጫነም። አራት ዓመት ያህል መሐንዲስና መለኪያ መሣሪያ ብቻ ጭኖ ነው የኖረው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ወንድሙ በታኅሣሥ 1981 መንገደኛ መጫን ጀምሮ ነበር። በብርዱና በብልሽቱ ብዙም ሳይቆይ ተነሳ። ጋዜጦቹም አልማሩትም። የማዘንበሉ ጥበብ ግን አልሞተም። ከፓተንቱ መብት ከፊሉ ለጣሊያኑ ፊያት ተሸጠ። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ በዚያው መስመር ላይ እያዘነበለ የሚሮጠው ፔንዶሊኖ የሚባለው ባቡር ከጣሊያን የመጣ ጥበብ ነው። የእኛን የድሮውን የመንገደኛ ባቡር፣ ሊቶሪናን፣ የሠራው ፊያት ማለት ነው! ይህን ሳነብ ጮኬ ልነግርህ ነበር።

ታዲያ ሰዎቹ ይህን ባቡር እንዴት እንደሚወዱት ብታይ። ሞዴሉን የሠራው ራፒዶ የሚባል የካናዳ ኩባንያ ነው፣ ከብሪታንያው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ጋር ተስማምቶ። እንግዳችን እንደነገረን፣ ብዙ ሰው ገና ሳይሠራ ነው ስሙን ያስመዘገበው። በልጅነታቸው በመጽሔት ፎቶውን ያዩ ሰዎች አሉ። አንድ ቀን ከድልድይ ላይ ሆነው ሲያልፍ ያዩት አሉ። አሁን ፀጉራቸው ሸብቷል፤ የናሙናው ፎቶ ሲወጣ ግን የአፍንጫውን ማዕዘንና የመስኮቱን ጠርዝ እያጎሉ ያያሉ። ትክክል ያልመሰላቸውን ይናገራሉ፣ ሌላው ደግሞ የድሮ ፎቶ አምጥቶ ይከራከራል። ትልቁንም ባቡር ሙዚየም ውስጥ የሚንከባከቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

አንድ ነገር አንተንም ያናድድሃል። የእንግሊዞች ሞዴል መጠን ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። በዚያ ሂሳብ የሃዲዱ ስፋት 18.83 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። በገበያ ያለው ግን 16.5 ነው። ድሮ የተለመደውን ማንም ሊቀይረው አልቻለም። ስለዚህ ባቡሩ ሁሉ ትንሽ ጠበብ ባለ ሃዲድ ላይ ይቆማል። በዚህ የሚቃጠሉ ሰዎች ሃዲዱንም ጎማውንም በእጃቸው እንደገና ይሠራሉ። እብደት ነው የሚል አለ። እኔ ግን አከበርኳቸው። አንተም ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ነገር ከእጅህ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነው። እነሱ መንገደኛ ላልጫነ ባቡር ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ የእኛዋ ሊቶሪናስ? እሷ እኮ ሰው ጭናለች። ሙሽራ ጭናለች፣ ነጋዴ ጭናለች፣ ለቅሶ የሚሄድ ጭናለች። እማዬን ድሬዳዋ ያመጣችልህ እሷ አይደለችም? የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከቤታችን ብዙም አይርቅም። ልጆቹ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ያዩታል፣ ይወዱታልም። ሊቶሪና ግን ለእነሱ አያታቸው የሚያወሩት ተረት ናት። ለገሃር ወስጄ የድሮውን ጣቢያ አሳይቻቸዋለሁ። ሕንፃ ብቻ አይቶ ባቡር አይገባውም ልጅ።

ስለዚህ እንሥራት አባዬ። እኔና አንተ።

የሚሄድ ባይሆንም ግድ የለም። መደርደሪያ ላይ የምትቆም፣ ግን ልኳ ያልተዛባ ሊቶሪና። ያነበብኩትን ልንገርህ። የአውሮፓ ሞዴል ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ በ87 እጥፍ ያሳንሳሉ። የድሮው መስመራችን ስፋት አንድ ሜትር ነበር፣ ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጠባብ መስመር የሚሸጠው የሞዴል ሃዲድ 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት። እንግዳችን ሲመለስ ቁራጭ ሃዲድ ሊልክልኝ ቃል ገብቷል። አካሉን ከስስ ኮምፔንሳቶና ከወፍራም ካርቶን እንሠራዋለን። መርካቶ የማይገኝ ነገር አይኖርም።

የማይገኘው አንተ ዘንድ ያለው ነው። ያሉኝ ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ያውም ከፊት ለፊት ብቻ። ቀለሟ ከወገቧ በላይና በታች ምን ነበር? ስታድሷት ቀለሙን ቀይራችሁት ነበር ወይስ እንደነበረ ነው የቀባችሁት? በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፣ ወደ ውጭ ነው ወይስ ተንሸራታች? ጣሪያዋ ላይ የነበረው ዕቃ መጫኛ ነው ወይስ የማቀዝቀዣው ነገር? የነጂው ወንበር በየትኛው በኩል ነበር፣ ረዳቱስ ይቀመጥ ነበር ወይስ ቆሞ ነው የሚሄደው? ርዝመቷን በሜትር ባታስታውስ እንኳ በመስኮት ብዛት ንገረኝ፣ ከዚያ እኔ አሰላዋለሁ።

ብቻህን ማስታወስ ቢከብድህ የድሮ ባልደረቦችህን ቡና ጥራቸው። እማዬ አትከፋም። አንዱ የረሳውን ሌላው ያነሳዋል፣ መጨቃጨቃችሁም አይቀርም። ጭቅጭቁንም ጻፍልኝ። ማን ምን እንዳለ ሳይቀር እፈልገዋለሁ። መጻፍ እጅህን ካደከመው የእህቴ ልጅ በስልኩ ይቅዳህ፣ አንተ እያወራህ እሱ ይላክልኝ። በወረቀት ጥግ ላይ እንደ ድሮው በእርሳስ ንድፍ ብታክልበት ደግሞ ምን እላለሁ። ያኔ የቦጊውን ስፕሪንግ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ስለህ ያሳየኸኝ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለመስቀል ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ፣ በባቡር። ኮምፔንሳቶውን፣ ኮላውንና ቀለሙን እኔ አመጣለሁ። አንተ ካሊፐርህን ለማንም እንዳታውስ፣ ጠረጴዛውንም ከመስኮቱ ሥር አስጠጋው። እማዬን፣ እህቴንና ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

የሚወድህ ልጅህ