ከቬሎው ሥር ምን ልልበስ ላልሽው

ይድረስ ለሰብልዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን እኮ ስንት ዘመናችን! ልታገቢ መሆኑን እህትሽ ስትነግረኝ እልል አልኩ። ማንገቻ የሌለው ቬሎ እያሰፋሽ እንደሆነ፣ ከውስጥ ኮርሴት ልግዛ አልግዛ እያልሽ ግራ እንደገባሽም ሰማሁ። ቬሎ ስሰፋ እየዋልኩ ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም እላለሁ?

ሱቅ ብትገቢ ወገብ የሚይዝ ነገር ሁሉ ኮርሴት ተብሎ ይሸጥልሻል። እውነተኛው ኮርሴት ግን ከማይለጠጥ ጠንካራ ጥጥ ይሰፋል። ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ቁልቁል ይገቡበታል፣ ከጀርባ በገመድ ይታሰራል። ድሮ በአውሮፓ በብረቱ ፈንታ ከዓሣ ነባሪ አፍ የሚወጣ ጠንካራና ተጣጣፊ ነገር ያስገቡበት ነበር። ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳም በክር ብቻ ይጠለፍ ስለነበር በኃይል ሲስቡት ይተረተር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ቀለበት ሲገባለት ነው እንደዚያ ማጥበቅ የተቻለው። ወገብ ያሳንሳል፣ እውነት ነው። ሲፈታ ግን ወገብሽ ወደነበረበት ይመለሳል።

ቡስቲየር ሌላ ነው። ዋና ሥራው ጡት ማቀፍ ነው፤ ከወገብ ብዙም አይወርድም፣ ከኋላ በመንጠቆ ይያዛል። እስከ ዳሌ ሲረዝም ባስክ ይሉታል። ሆድና ጭን የሚያስተካክለው ደግሞ ያው ላስቲክ የውስጥ ልብስ ነው። በፈረንጆች 1958 ዱፖንት በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ስፓንዴክስ የሚሉት ተለጣጭ ክር ከተሠራ ወዲህ ቀለል ብሏል፤ ብረት የለውም።

ያ የጎማው የወገብ መታጠቂያ፣ በየሱቁ "ወገብ ያቀጥናል" የሚሉት፣ እባክሽ ይቅርብሽ። ስብ አያቀልጥም። የሚወጣው ላብ ነው፣ ውሃ ስትጠጪ ይመለሳል። አጥብቀሽ ከዋልሽበት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቃርም ያስነሳል።

አሁን ዋናው ነገር። ማንገቻ የሌለው ቬሎ ጡት ላይ አይንጠለጠልም፤ ወገብ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ሰፊዋን ከገበሩ ውስጥ ወገብሽ ላይ የማይለጠጥ ጠንካራ ሪባን እንድታደርግልሽ ጠይቂያት። ዚፑ ከመዘጋቱ በፊት ሪባኑ በመንጠቆ ይቆለፋል። የልብሱን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ደረቱ ላይ ደግሞ ዘንግ ታስገባበት። ይህ ከተሠራ ኮርሴት መግዛት አያስፈልግሽም። ጡትሽ ከፍ እንዲል ከፈለግሽ ቡስቲየር ይበቃል። እሱም ከቬሎው ልኬት በፊት እጅሽ ይግባ፤ ልክሽ የሚወሰደው እሱን ለብሰሽ ነው።

ልኬት ስትሄጂ ቆመሽ መስታወት ብቻ አትይ። ቁጭ በይ፣ ጎንበስ በይ፣ እስክስታ ምቺበት! አጎቶችሽ መድረክ ላይ እንደማይተዉሽ አውቃለሁ። ትከሻሽን ስትሰብቂ ከወረደ አልተሠራም ማለት ነው፣ መልሺላት።

ለመልሱ ምንም አታስቢ። በሀበሻ ቀሚስሽ ላይ መቀነትሽን ጠበቅ አድርገሽ ማሰር ነው።

ከጡትሽ ሥር፣ ወገብሽንና ዳሌሽን ለክተሽ ላኪልኝ። ቁጭ ብለሽ ከጡትሽ ሥር እስከ ጭንሽ መነሻ ያለውንም ጨምሪ፤ ቡስቲየሩ ረዥም ከሆነ ስትቀመጪ ይወጋሻል። እሱን እኔ እሰፋልሻለሁ፣ ስጦታዬ ነው።

እማማን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ