የአርባ ደቂቃ ታባታ የለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ላይ «ታባታ በየቀኑ ለ40 ደቂቃ» የሚል ምክር አነበብኩ። ታባታ እስከ ጥግ እየሠሩ በመሃል ለአፍታ የሚያርፉበት የስፖርት ልምምድ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር ሲሳከር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም።

ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢዙሚ ታባታ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት 20 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ እረፍት ነው። ሰባት ስምንት ዙር፣ በቃ። በ4 ደቂቃ ያልቃል። የተሠራው በቆመ ብስክሌት ሲሆን፣ ጥረቱ ሰውነት ኦክስጅን መጠቀም ከሚችልበት ጣሪያ 170 በመቶ ያህል ነበር። እንዲህ የሠራ ሰው አምስተኛ ደቂቃ አያምረውም። 40 ደቂቃ ከዘለቀ የሠራው ሌላ ነገር ነው። ሌላውም ክፉ አይደለም፤ ግን በስሙ ይጠራ።

ይህን የምለው ስለቀመስኩት ነው። በ46 ዓመቴ ፈንክሽናል ፊትነስ (መላ ሰውነትን የሚያሠራ ስፖርት) ስጀምር በሳምንት አምስት ቀን በርፒ (መሬት ወርዶ ተነስቶ መዝለል)፣ ገመድ ዝላይ፣ ኬትልቤል (እጀታ ያለው የብረት ክብደት)፣ ሁሉንም እስከ ጥግ። አሰልጣኙ ሰዓቱን ይዞ «ጨምሪ!» ይላል፤ እኔም እጨምራለሁ። አንድ ቀን ስዊንጉን፣ ማለትም ኬትልቤሉን በሁለት እጅ ወደ ፊት ማወዛወዙን፣ ቆጠርኩት። አንደኛው ዙር 14፣ ስምንተኛው 6። ያቺን ስድስትም ወገቤ ጎብጦ፣ እጀታው በላብ እያሟለጨኝ ነው ያወጣኋት። ለልቤ ብዬ የጀመርኩት ወገቤ ላይ አረፈ። በስድስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ የምቆጥረው የልብ ምት ከ58 ወደ 67 ወጣ። እንቅልፌም ጠፋ።

ያዳነኝ ደብተር ነው። ካርል ፎስተር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ያስለመደው ስሌት አለ። ሠርታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆያችሁ በኋላ «ምን ያህል ከበደኝ?» ብላችሁ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ትሰጣላችሁ። ነጥቡን በደቂቃው ታባዛላችሁ። የእኔ 45 ደቂቃ በ9 ሲባዛ 405 መጣ። በአምስት ቀን 2025! ለካስ እኔ የማየው የእያንዳንዱን ቀን ላብ ብቻ ነበር፤ የሳምንቱን ድምር ማን ያየዋል?

አሁን ከባዱ ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ 20 ደቂቃ በ8። ሦስት ቀን ደግሞ እያወራሁ በምችለው ልክ፣ 40 ደቂቃ በ3። ድምሩ 680። የልብ ምቴ ወደ 58 ተመልሷል፤ ስምንተኛው ዙር ላይም 12 እያነሳሁ ነው፣ ወገቤ ቀጥ ብሎ።

የዓምዱን ጸሐፊ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ በ40ኛው ደቂቃ ላይ እርስዎ ስንት አነሱ?

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ