ለቦርከና ወንዝ የውሃ መለኪያ እንግዛ፦ የድጋፍ ጥሪ

የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ፣ በጂዳና በሪያድ ያላችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ወር የሰፈራችን ወጣቶች በሦስት ሃይላንድ የወንዝ ውሃ ቀድተው ቅሬ (እድር) ቤት ይዘው መጡ። አንዱ ከፋብሪካዎቹ በላይ፣ አንዱ ከበታች፣ አንዱ ደግሞ ቦርከና ላይ የተቀዳ ነው። «የቱ የቱ ነው?» አሉን። የቅሬ ዳኛችን ደፍረው ገመቱ፤ ሳቱ። ሌሎቻችንም አላገኘነውም። ልጆቹ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኛም የለየነው ክዳኑ ላይ ስለጻፍን ነው፤ መለኪያ የለንም።»

ከተማችን የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ቢራው፣ ብረቱ እዚሁ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ወጣቱ ግን ፋብሪካ የሚገባው ለጥበቃ፣ ለጭነት ወይም ለስፌት ነው። በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኬሚካልና ውሃ ያጠኑት ልጆች ዲግሪያቸውን ይዘው ቡና እየጠጡ ነው።

እነሱ ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው። በየሳምንቱ ከፍሳሽ መውጫዎቹ በላይና በታች ይለካሉ፤ ውጤቱን መጀመሪያ ለየፋብሪካው ቴክኒክ ክፍል ይሰጣሉ። ይህን ቅደም ተከተል ያመጡት አዛውንቶች ናቸው፤ «ልጄ እዚያው ነው የሚሠራው፣ በኔ ምክንያት እንጀራው እንዳይዘጋ» ያሉ እናትም ነበሩ። ስጋታቸው ተገቢ ነው።

ፋብሪካው ለምን ይሰማል? ቆዳን እንውሰድ። በተለመደው አሠራር ለማልፋት ከሚገባው ክሮም ከሚባለው ኬሚካል ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ነው፤ የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። ያን ውሃ ለብቻው አጠራቅሞ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ቢጨምሩበት ክሮሙ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ መልሶ ማልፋት ይቻላል። በውጭ ምንዛሬ የተገዛ ኬሚካል ነው ወንዝ የሚገባው። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ወጣት ለፋብሪካው ሸክም አይሆንም።

ሕጉም አለ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያየ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ግን «ሸተተን» ብሎ አቤቱታ የት ይደርሳል? ቁጥር ያስፈልጋል።

የምንፈልገው የፒኤች (የአሲድነት)፣ የጨው መጠንና የተሟሟ ኦክስጅን መለኪያ፣ የናሙና ጠርሙስ፣ የበረዶ ሳጥን፣ ጓንትና ቦቲ ነው። ኦክስጅኑ እዚያው ወንዙ ዳር መለካት አለበት፤ ጠርሙስ ውስጥ ሲያድር ይለወጣል። ክሮሙ ግን በእጅ መሣሪያ አይሆንልንም፤ ናሙናው አሲድ ተጨምሮበት ላቦራቶሪ ይላካል፤ ትልቁ ወጪ ይኸው ነው። የመሣሪያ ማስተካከያ ፈሳሽም አትርሱብን። መሣሪያ ሰጥቶ ፈሳሹን የሚረሳ ለጋሽ ብዙ ነው፤ ያኔ መለኪያው ከጥቂት ወራት በኋላ መዋሸት ይጀምራል።

ዋጋው ስለሚለዋወጥ ፕሮፎርማዎቹን ቅሬ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። በወር 50 ብርም ሆነ 100 ብር፣ ለገንዘብ ያዡ በደረሰኝ ብቻ ስጡ፤ በግለሰብ ስልክ የሚላክ ብር አንቀበልም። ውጭ ያላችሁ በቤተሰብ በኩል አድርጉት። ለበዓል ስትመጡ መሣሪያ መያዝ የምትፈልጉ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁን፣ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት እንዳያመጣ። ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ መሐንዲሶችና ኬሚስቶች ከገንዘባችሁ ይልቅ የቅዳሜ ከሰዓታችሁን እንለምናለን፤ ልጆቹ ከመጽሐፍ ያላገኙትን የምታሳዩአቸው እናንተ ናችሁ።

ክረምት ላይ ጎርፉ ሁሉን ያቀጥነዋል። ወንዙ የሚሳሳው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ ነው፤ የታች ገበሬዎችም ለመስኖ የሚጠልፉት ያኔ ነው። ስለዚህ መሣሪያው እስከ ጥቅምት መጨረሻ እጃችን መግባት አለበት።