ማስኩ ጥሩ ነው፤ ክፍተቱን እንዝጋለት

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ መስኮት ይዘጋል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አያስቀምጥም። ጤና ጣቢያም ቢሆን ያው ነው። የሚያስለው ታማሚ ይገባል፣ ነርሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ታዳምጠዋለች። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ሰማያዊ ማስክ ነው። የምንጠይቃችሁ ድጋፍ ያንን ማስክ ፊት ላይ አጥብቆ ለሚይዝ ማሰሪያ ነው።

ብዙ ሰው "ሰርጂካል ማስክ ስስ ስለሆነ አይረባም" ይላል። ጨርቁ ግን አይታማም። መካከለኛው ሽፋን እጅግ ከቀጠነ የፖሊፕሮፒሊን ክር የተሠራ ነው። የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ደቃቅ ብናኝ ስቦ ያስቀራል። ችግሩ ጠርዙ ጋ ነው። በአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ በጉንጭና በአገጭ ሥር ክፍተት አለ። አየር እንደ ውሃ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ፣ ጨርቁን ትቶ በክፍተቱ ይገባል። መነጽር የምታደርጉ ታውቁታላችሁ። መነጽራችሁ ጉም ሲለብስ ትንፋሻችሁ ከላይ እያመለጠ ነው። ትንፋሽ የሚወጣበት ቀዳዳ ደግሞ የሌላው ሰው ሳል መግቢያም ነው።

ጉዳዩ ከኮሮና ጋር አብሮ ያለፈ እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች ተርታ ያስቀመጣት አገር ናት። የቲቢ ታማሚ ሲያስል የሚወጣው ደቃቅ ነጠብጣብ ዝግ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥመው ኤን-95 ማስክ ሲገኝ እንደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ያሉ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከምባቸው ቦታዎች ቅድሚያ ማግኘታቸው ተገቢ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅስ? የጽዳት ሠራተኛዋስ? በር ላይ ያሉት አባትስ?

እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ጥቂት ጤና ባለሙያዎችና ልብስ ሰፊዎች ነን። ያሰብነው ከማስኩ በላይ የሚደረግ የላስቲክ ማሰሪያ ነው። ጠፍጣፋው ላስቲክ በአፍንጫ ላይ ያልፍና በጉንጭ ወርዶ አገጭ ሥር ይገጥማል። ከኋላ አንዱ ማንጠልጠያ አናት ላይ፣ ሌላው ማጅራት ላይ ይያዛል። አፍንጫው ጋ የሚታጠፍ ሽቦ ይሰፋበታል። በ2012 ዓ.ም. ኤን-95 በዓለም ሲጠፋ የውጭ ሐኪሞች በተራ ላስቲክ እንዲህ ያለውን ሞክረው ማስኩ ፊት ላይ በደንብ እንደሚጠጋ አይተዋል። ማስኩ ይጣላል፣ ማሰሪያው በሳሙና ታጥቦ ደርቆ ይመለሳል። በረኪና ግን ላስቲኩን ስለሚያደክመው አይነካውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ማሰሪያ ሰርጂካል ማስክን ኤን-95 አያደርገውም። ጢም ያለው ሰው ላይም በደንብ አይገጥምም። ኤን-95 በሚያስፈልግበት ቦታ ኤን-95 ይደረግ። እኛ የምንለው፣ ያለው ማስክ የሚችለውን ያህል ይሥራ ነው። ማሰሪያው እስኪደርስ ድረስ አንድ ነገር በነፃ ማድረግ ይቻላል፦ የጆሮ ክሩን ከማስኩ ጠርዝ አጠገብ መቋጠር፣ በጎን የሚተርፈውን ጨርቅ ወደ ውስጥ ማጠፍ።

ለመጀመሪያው ዙር በሦስት መጠን 400 ማሰሪያ መስፋት እንፈልጋለን። ላስቲክ፣ ክርና ሽቦ እንገዛለን። የስፌት ዋጋ የለም፤ ሰፊዎቹ በነፃ ይሠራሉ። ከበድ የሚለው መፈተሻው ነው። ባለሙያው ማስኩን አድርጎ ራሱ ላይ ሰፊ ኮፍያ ይደፋበታል፣ ውስጡ ጣፋጭ ወይም መራራ ፈሳሽ እንደ ጉም ይረጫል። ጣዕሙ ምላሱ ላይ ከመጣ ማስኩ ያሾልካል ማለት ነው። በግምት ለሰው ፊት ላይ የሚታሰር ነገር መስጠት አንፈልግም። ውጭ አገር ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ ይህን መፈተሻ ገዝታችሁ ብትልኩልን ትልቁን ሸክም አነሳችሁልን።

በ2014ቱ ጦርነት የከተሞቻችን ጤና ተቋማት ሲዘረፉ የጤና ሠራተኞቻችን ባዶ ክፍል ውስጥ ተመልሰው ሥራ ጀምረዋል። አሁን ስለ ራሳቸው አይለምኑም። ስለ እነሱ እኛ እንለምን።

የቅሬ (የእድር) መሪዎቻችን፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ጉዳዩን አንሱልን። ቅሬ ለሐዘን ብቻ አይደለም። የሚሰበሰበው ገንዘብ በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ ይወጣል፤ ደረሰኙም ለየቅሬው ይቀርባል። የልብስ ሱቅ ያላችሁ የተረፈ ላስቲክ ካለ አትጣሉት። ብር ያልሞላለት ጉልበቱን ይዞ ይምጣ። ላስቲክ የሚለካ፣ ሽቦ የሚያጥፍ፣ የተሰፋውን በየመጠኑ የሚለይ እጅ እንፈልጋለን። ሐምሌ ሳይገባ፣ መስኮቱ ሳይዘጋ እናድርስላቸው።