ማዘጋጃ ቤትም ይጎበኛል

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የጉዞ ዓምዳችሁን አዘውትሬ አነባለሁ። ስለ ሰሜን ሸዋ ስትጽፉ ግን ነገሩ ሁሌ ያው ነው። ገዳም፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የጣርማ በር ጉም፣ አለቀ። በእነሱ አልጣላም፤ መንዝ ጓሳን ያላየ ሰው ይሂድና ይየው። እኔ የምለው፣ ሰው እንዴት ይተዳደር እንደነበር፣ ዳኛ የት ተቀምጦ ይፈርድ እንደነበር፣ እንግዳ የት ይስተናገድ እንደነበር የሚያሳየው ቤት ለምን ይዘለላል? አዳራሹ፣ ግቢው፣ ማዘጋጃ ቤቱ።

ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት አሠርተው የተቀመጡባት ከተማ ናት። ዛሬ መንገደኛው ቁርሱን ይበላል፣ ብርድ ልብስ ይገዛል፣ ወደ ደሴ ይነዳል። እሱ ላይ አልፈርድም፣ ቁም ብሎ የሚያሳየው የለማ። ልቼም ብዙ አትርቅም። በ1870 ምኒልክና ዐፄ ዮሐንስ የታረቁባት ቦታ ናት፤ ስንቱ መንገደኛ ስሟን ሰምቶ ያውቃል?

አንኮበር ይሻላል፣ ቢያንስ ሰው ይሄድበታል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ አሁን ሎጅ አለ፣ ከድሮው የተረፈው የድንጋይ ግንብ ነው። ዳገቱ ያስለከልካል። ታዲያ ሰው ያን ሁሉ ወጥቶ ቡናውን ይጠጣል፣ ቁልቁል ቆላውን ፎቶ ያነሳል፣ ይወርዳል። አንኮበር እኮ የሸዋ መንግሥት ሥራ የሚሠራባት መናገሻ ነበረች! ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውለዋል፣ ብዙም ሳይቆዩ ከፈረንሳይ ጋር ደገሙት። ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ አቤት ባይ የሚጠብቅበት ደጅ፣ ከባህር ማዶ ስጦታ ጭኖ የመጣ እንግዳ እስኪጠራ የሚቆይበት ማረፊያ፣ ይሄ ሁሉ ያኔ የግቢ ኑሮ ነበር። ይህን የሚተርክ ሰው አብሮ ቢወጣ ግንቡ ሌላ ነገር ይሆናል። ካልሆነ ድንጋይ ነው።

ሌላም ላንሳ። አዲስ አበባ ስትሄዱ አፍሪካ አዳራሽን እዩ። በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። ባለቀለሙ የመስታወት ሥራ ወደ 150 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ በ1925 አንኮበር የተወለዱ የእኛው ሰው ናቸው! አዳራሹ ታድሶ በ2017 ተከፍቷል። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ቀድሞ መጠየቅና መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። የሕንፃው ንድፍ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። ፒያሳ፣ ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያለውን የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የነደፉት እሳቸው ናቸው። ስንቶቻችን ለጉዳይ እየሮጥን አልፈነዋል፣ ቀና ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። እዚሁ ዞናችን ውስጥ፣ ከተማውን አልናገርም፣ አንድ የቆየ መሥሪያ ቤት ደረጃውንና ኮርኒሱን ልይ ብዬ ሄድኩ። ጥበቃው «ጉዳይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ማየት ነው አልኩት። «ማየት ጉዳይ አይደለም» ብሎ መለሰኝ። ፎቶ ማንሳትማ ጭራሽ አይፈቀድም። በጥበቃው አልቀየምኩም፣ ታዝዞ ነው። ግን ይሄው ቤት አንድ ቀን ፈርሶ ባለመስታወት ጂ ፕላስ ፎር ይተከልበታል፣ ያኔ ድሮ ምን ይመስል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የሚያየው አንድ ፎቶ እንኳ አያገኝም።

ሥራ ይስተጓጎላል የሚሉ አሉ። ስቶክሆልም የምትኖር የእህቴ ልጅ እንደነገረችኝ የዚያ ከተማ ምክር ቤት ዛሬም በማዘጋጃ ቤቱ ይሰበሰባል፣ ጎብኚው ደግሞ ትኬት ቆርጦ በአስጎብኚ ይገባል። የኖቤል ሽልማት እራት የሚበላውም እዚያው ነው። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1923 የተመረቀ ነው፣ ከእኛ ደብረ ብርሃን አንጻር ገና ልጅ።

እኛ ዘንድ ያን ያህል አይጠበቅም። ሙዚየምም አላልኩም። አንድ ክፍል ይበቃል። የድሮ ፎቶ፣ ያረጀ ማኅተም፣ የስብሰባ መዝገብ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሩን የሚከፍት አንድ ሠራተኛ። ይሄ በጀት ይጠይቃል ወይ?

እናንተም ዘጋቢ ስትልኩ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ፣ ማንን ማስፈቀድ እንደሚያስፈልግ፣ ፎቶ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቆ ይጻፍልን። አንኮበር ከመጣ ሎጁ ምግብ ላይ ብቻ እንዳይቀር አደራ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርቶ ይውጣ፣ ጋቢም ይያዝ፣ ብርዱ ቀልድ አያውቅም።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ብርሃን